የድርጭት መኖ ተጨማሪዎች፦ ስለ እንቁላልና ጤና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድርጭት ማርባት የጀመረ ሰው ጥቂት ወራት ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «እንቁላሉ ቀነሰብኝ፣ ምን ልጨምርላቸው?» ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ የለም። እዚህ የሰበሰብኳቸው በብዛት የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ነው። የምናወራው ለእንቁላል ስለሚረባው የጃፓን ድርጭት ነው። ኮተርኒክስ ብለው የሚጠሩትም አሉ።

እንቁላል እንዲጨምሩ መጀመሪያ ምን ልስጣቸው?

መጀመሪያ ምንም አትስጡ። ቤታቸውን ዙሩና እዩ።

ዕድሜያቸው ስንት ነው? ድርጭት በ6 ወይም በ7 ሳምንቷ መጣል ትጀምራለች። በደንብ ከተያዘች በዓመት 250 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትሰጣለች። ወራት እየጨመሩ ሲሄዱ ግን ምርቷ ይወርዳል። ያረጀችን ድርጭት ቄብ የሚያደርግ ዱቄት እስካሁን አልተሠራም።

ብርሃንስ? እንቁላል ጣይ ድርጭት በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ቀኑ ሲያጥር፣ ወይም አምፖሉ ተቃጥሎ ማንም ሳያየው ሲቀር፣ እንቁላሉ ይወርዳል። ብርሃኑ ኃይለኛ መሆን የለበትም። ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አለመዛነፉ ነው።

ውሃውንም ፈትሹ። ድርጭት ከምትበላው መኖ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ትጠጣለች። ለጥቂት ሰዓታት እንኳ ውሃ ካጣች በነጋታው እንቁላሉ ላይ ይታያል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ቫይታሚን በውሃ ስበጠብጥ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን ሳየው የአንዱ መስመር ቱቦ ተደፍኗል። ያን ሁሉ ቫይታሚን የምልከው በተደፈነ ቱቦ ነበር።

ሌላም አለ። ሌሊት አይጥ እየገባ የሚረብሻቸው፣ ቦታ የተቀየረባቸው፣ መኖ በድንገት የተለወጠባቸው ድርጭቶች መጣል ያቆማሉ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ እንቁላሉ ከወረደ ነው ወደ መኖው የምንሄደው።

«የመኖ ተጨማሪ» ሲባል በትክክል ምኑ ነው?

በአንድ ስም ሁለት ነገር ይሸጣል። አንደኛው ማሟያ ነው። ካልሲየም፣ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ)፣ ቫይታሚንና ማዕድን ከዚህ ይመደባሉ። መኖው ውስጥ የጎደለውን ይሞላሉ፤ ካልጎደለ ምንም አይጨምሩም። ሁለተኛው አጋዥ ነው። ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት የሚጠቅሙ ሕያው ባክቴሪያዎች)፣ ኢንዛይም (መኖ እንዲፈጭ የሚረዳ ነገር)፣ አሲድ፣ የዕፅዋት ዱቄትና የሻጋታ መርዝ ማጣበቂያ ከዚህ ናቸው። እነዚህ ምግብ አይደሉም። መኖው እንዲፈጭ፣ አንጀት እንዲጠበቅ፣ መርዝ ወደ ደም እንዳይገባ ይረዳሉ። አብዛኛው የባከነ ገንዘብ የሚባክነው ማሟያ ለጎደለው መንጋ አጋዥ በመግዛት ነው።

የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ብሰጣቸውስ?

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የድርጭት መኖ በየቦታው ስለማይገኝ አይፈረድበትም። ግን ቁጥሩን እንይ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 ያወጣው መመዘኛ ዛሬም መነሻ ሆኖ ይሠራል። በዚያ መሠረት የሚያድግ የድርጭት ጫጩት 24 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። የምትጥለው ደግሞ 20 በመቶ። ጉልበቱ ለሁለቱም በኪሎ ወደ 2,900 ኪሎ ካሎሪ ነው። ለጣይዋ ካልሲየም 2.5 በመቶ፣ ሰውነቷ ሊጠቀምበት የሚችል ፎስፈረስ 0.35 በመቶ፣ ከአሚኖ አሲዶቹ ላይሲን 1 በመቶ፣ ሜቲዮኒን 0.45 በመቶ ይላል።

የጣይ ዶሮ መኖ በአብዛኛው ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ነው ያለው። ካልሲየሙ ደግሞ ወደ 3.5 ወይም 4 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ለጣይ ድርጭት የሚጎድለው ፕሮቲን እንጂ ካልሲየም አይደለም። ለጫጩት ከሰጣችሁት ግን ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ ሠራችሁ፦ ፕሮቲኑ አነሰ፣ ካልሲየሙ በዛ። የበዛው ካልሲየም የጫጩቷን ኩላሊት ይጎዳል።

ማስተካከያው ቀላል ሒሳብ ነው። 16.5 በመቶ ፕሮቲን ያለው የዶሮ መኖ 87 ኪሎ ውሰዱ። 44 በመቶ ፕሮቲን ያለው የአኩሪ አተር ፋጉሎ 13 ኪሎ ጨምሩ። የሚወጣው 100 ኪሎ ወደ 20 በመቶ ፕሮቲን ይኖረዋል። ካልሲየሙም ወደ 3.3 ይወርዳል፤ ለጣይ ድርጭት ጥሩ ነው። ፋጉሎው በደንብ የበሰለ ይሁን። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። ጥሬውን ፈጭቶ መስጠት እያበሉ እንደማስራብ ነው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። የድርጭት መንቁር ትንሽ ነው። የዶሮ ፔሌት (ተጨምቆ የተድበለበለ መኖ) ካልተሰባበረ ትተወዋለች። በጣም ዱቄት ከሆነም መንቁሯ ላይ ይጋገራል፣ ግማሹም ይበናል። ሻካራ ክክ የመሰለው ነው የሚመቻት።

ቅርፊቱ ስስ ሆነብኝ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ለስላሳ ነው። ካልሲየም ልጨምር?

ምናልባት። መጀመሪያ ድርጭቷ በቀን ምን እንደምታወጣ እንቁጠር። እንቁላሏ ወደ 11 ግራም ይመዝናል። የዶሮ እንቁላል ከዶሮዋ ክብደት 3 በመቶ አካባቢ ሲሆን የድርጭት ግን ከራሷ ክብደት 7 ወይም 8 በመቶ ነው። ቅርፊቱ ብቻውን 0.9 ግራም ያህል ይሆናል። በዚያ ቅርፊት ውስጥ 0.34 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። በቀን 25 ግራም መኖ ከበላችና መኖው 2.5 በመቶ ካልሲየም ካለው፣ የሚገባላት 0.62 ግራም ነው። አንጀቷ ከዚያ ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ነው የሚወስደው። ሂሳቡ ለጥቂት ነው የሚደርሰው። በሙቀት ምክንያት የምትበላው ወደ 20 ግራም ቢወርድ ከአጥንቷ ትበደራለች። ብዙ አርቢዎች ካልሲየሙን ወደ 3 በመቶ ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ከ2.5 ወደ 3 ለማድረስ በ100 ኪሎ መኖ 1.3 ኪሎ ያህል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበቃል። የኖራ ድንጋይ 38 በመቶ ገደማ ካልሲየም ነው። የዛጎል ስብርባሪም ተመሳሳይ ነው። ለግንብ የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያቃጥላቸዋል። እሱን እንዳትነኩት።

ከፊሉ ሻካራ ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። ድርጭት እንደ ዶሮ ጠዋት አትጥልም፤ አብዛኞቹ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ላይ ነው የሚጥሉት። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊቱን ጨምሮ በረጅም ሰዓታት ነው። ዱቄቱ ቶሎ ሟሙቶ ያልፋል። ሻካራው ግን አንጀት ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ይለቃል።

የራሳቸውን የእንቁላል ቅርፊት መልሶ መስጠትም ይቻላል። በሙቀት አድርቁት፣ በደንብ አድቅቁት። ሙቀቱ ጀርሞችን ለመግደል ነው። ማድቀቁ ደግሞ ቅርፊቱን ለይተው እንቁላላቸውን መብላት እንዳይለምዱ ነው።

ካልሲየም ጨምራችሁም ካልተስተካከለ ቫይታሚን ዲ3ን ጠርጥሩ። ያለ እሱ ካልሲየሙ በአንጀት ውስጥ አልፎ ይወጣል። ቀጥሎ ፎስፈረስን እዩ። ቀጥሎ ሙቀትን፣ በሽታንና ዕድሜን። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ ካልሲየሙን ያለ ልክ ማብዛት የዚንክንና የፎስፈረስን መወሰድ ያሰናክላል። መኖውም አፈር አፈር ይላቸውና መብላት ይቀንሳሉ።

አሚኖ አሲድ መግዛት ያስፈልጋል?

በቆሎና አኩሪ አተር ላይ የቆመ መኖ መጀመሪያ የሚያጥረው ሜቲዮኒን ነው። ምልክቱ እንቁላሉ ማነሱ፣ ላባው መሳሳቱ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ መነቃቀላቸው ነው። እዚህ ላይ የተጣራ ሜቲዮኒን በጥቂቱ መጨመር ብዙ ጊዜ ከምንም ተጨማሪ በላይ ይታያል። በ100 ኪሎ መኖ የሚገባው በመቶ ግራም የሚቆጠር ብቻ ነው። ፕሮቲኑን ሁሉ ከመጨመር ይልቅ የጎደለውን አንዱን መሙላት ይረክሳል። ኩሱም አሞኒያው ይቀንሳል።

የዓሳ ዱቄት ሜቲዮኒንንም ላይሲንንም ይዞ ይመጣል። ሲበዛ ግን እንቁላሉ ዓሳ ዓሳ ይሸታል። ጨውም ይዞ ስለሚመጣ የምትጨምሩትን ጨው ቀንሱ። ጠቅላላ ሶዲየሙ 0.15 በመቶ ይበቃል፤ በጨው ሲሰላ 0.38 በመቶ ገደማ ነው።

በውሃ የሚበጠበጥ ቫይታሚን ሁልጊዜ ልስጥ?

አይ። መኖው ውስጥ ትኩስ የጣይ ፕሪሚክስ (ተቀላቅሎ የሚሸጥ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት) በመጠኑ ካለ የውሃው ቫይታሚን የሚያስፈልገው ለጥቂት ቀናት ነው። ጉዞ ከደረሰባቸው፣ ከበሽታ ካገገሙ፣ ክትባት ከወሰዱ፣ ሙቀት ከበረታ። ከ3 እስከ 5 ቀን ሰጥታችሁ ታቆማላችሁ።

በውሃ የሚሟሟው የቢ ዘር ትርፉ በሽንት ይወጣል። ኤ እና ዲ ግን በስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙ ይጎዳሉ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሴሊኒየም ነው። ከቫይታሚን ኢ ጋር ሆኖ ለመፈልፈልና ለበሽታ መከላከል ጥሩ ነው። ግን በሚጠቅመውና በሚመርዘው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ መኖ እንዲጨመር የተፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ሴሊኒየም ያለበት ፕሪሚክስ፣ ሴሊኒየም ያለበት የውሃ ቫይታሚን፣ ከዚያ ላይ ደግሞ «የመራቢያ ማጠናከሪያ» ሲደራረብ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል። መለያ ወረቀቱን አንብቡና ደምሩት።

ፕሮባዮቲክ ይሠራል?

ይሠራል፤ በተለይ በሁለት ቦታ። አንዱ ለጫጩት በመጀመሪያ ቀናቷ ነው። በማሽን የተፈለፈለች ጫጩት እናቷን አላገኘችም። አንጀቷ ባዶ ቤት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይገባበታል። ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ1973 ይህን በዶሮ ጫጩት አሳይተዋል። ከጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎች አንጀት የተወሰደ ነገር ያገኙ ጫጩቶች ሳልሞኔላን ተቋቋሙ። የዛሬው ፕሮባዮቲክ ሐሳቡን የወሰደው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ቦታ አንቲባዮቲክ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ለጤነኛ ጣይ ድርጭት የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው። የኩሱ መድረቅና የመኖ አጠቃቀም ትንሽ መሻሻል። አንዳንዴ ምንም።

ስትገዙ ዓይነቱን እዩ። ባሲለስ የሚባለው ዘር በዘረ ብናኝ መልክ ስለሚኖር ሙቀትንና መጋዘንን ይችላል። ላክቶባሲለስ ይበልጥ ስስ ነው። ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ከበጠበጣችሁት እየገደላችሁ ነው የምትሰጡት። ውሃውን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ወይም በመኖ ስጡ። ከአንቲባዮቲክ ጋር በአንድ ቀን መስጠትም ትርጉም የለውም።

ኢንዛይምስ?

በራሱ መኖ ለሚቀላቅል ጥሩ ነው። በእህል ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ያህል ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ያልፋል። ፋይቴዝ ያንን ይፈታል፤ ካልሲየምና ዚንክንም አብሮ ያስለቅቃል። ስንዴ፣ ገብስ ወይም ፉርሽካ የበዛበት መኖ ከሆነ ደግሞ ዛይላኔዝና ቤታ ግሉካኔዝ የሚያጣብቀውን ኩስ ያቀልላሉ። መኖው ንጹሕ በቆሎና አኩሪ አተር ከሆነ የእነዚህ የኋለኞቹ ጥቅም ያንሳል። ኢንዛይም ሙቀት አይወድም፤ በፈላ ውሃ በሚታሽ መኖ ውስጥ አይጨመርም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ዝንጅብል... እውነት ይጠቅማሉ?

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ በስሜት ነው የሚያወራው። ወይ ሁሉን ያድናል ይላል፣ ወይ የአሮጊት ተረት ይላል።

በድርጭት ላይ ብዙ ሙከራዎች ተሠርተዋል። ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ዱቄት መኖ ውስጥ ሲገባ፣ በአንዳንዱ ሙከራ የደም መከላከያ ምልክቶች ተሻሻሉ። በአንዳንዱ የአስኳል ስብ ከአየር ጋር ተገናኝቶ መበላሸቱ ቀነሰ። እንቁላል ብዛት ላይ ግን ውጤቱ ይለያያል፤ ጨመረ የሚልም አለ፣ ልዩነት የለውም የሚልም አለ። ይህ አይገርምም። የነጭ ሽንኩርቱ ዘር፣ የደረቀበት መንገድ፣ የቆየበት ጊዜ ሁሉ ውስጡ ያለውን ይለውጠዋል። በተቀቀለና በተፈጨ መካከልም ልዩነት አለ።

የኔ አቋም? ቤት ውስጥ ካለና ከረከሰ፣ በትንሹ ብትጨምሩ አይከፋም። የታመመን መንጋ ግን በነጭ ሽንኩርት አትጠብቁ። ያ ሁለት ሦስት ቀን ነው ብዙ ድርጭት የሚያሳጣው። ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ከበዛ ሽታው እንቁላሉ ላይ ይወጣል፤ የሚበላው ሰው ይነግራችኋል።

ኮምጣጤ በውሃ?

የውሃውን አሲድነት ትንሽ ከፍ ማድረግ በመጠጫው ውስጥ የጀርምና የአተላ መራባትን ይገታል። ከበዛ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ መጠጣት ከቀነሱ መብላትም ይቀንሳሉ። አሲድ በዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ መጠጫ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ዚንኩን አሟሙቶ ያጠጣቸዋል። ፕላስቲክ ተጠቀሙ። መጠጫውን በብሩሽ ማጠብ ግን ከኮምጣጤው የበለጠ ይሠራል።

በሙቀት ወቅት ምን ይረዳል?

ድርጭት ላብ የላትም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ይወጣል፤ ቅርፊት የሚሠራበት ባይካርቦኔትም አብሮ ይቀንሳል። መኖም ትቀንሳለች። የሙቀት ወቅት እንቁላል ቅርፊቱ የሚሳሳው በሁለቱም በኩል ነው።

ቫይታሚን ሲ እዚህ ቦታ አለው። ድርጭቶች በኩላሊታቸው ራሳቸው ስለሚሠሩት በደህና ቀን አያስፈልጋቸውም። በሙቀት ጊዜ ግን የሚሠሩት አይበቃቸውም። በኪሎ መኖ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም የተለመደ ነው። በውሃ ከሆነ ቶሎ ስለሚበላሽ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ከጨው ከፊሉን በሶዲየም ባይካርቦኔት መተካትም ይረዳል። ቤታይንም ሴሎች ውሃቸውን እንዲይዙ ያግዛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ንፋስ፣ ጥላ። መኖውንም ማለዳና አመሻሽ ላይ ስጡ። በቀትር የበላች ድርጭት ከምግቡ የሚመጣ ሙቀት ይጨመርባታል።

ሻጋታ ያለበት መኖ ላይ ማጣበቂያ ብጨምር ይድናል?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። መልሱ አይድንም ነው።

በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በጥቂት ወራት አለቁ። ምክንያቱ ጠፍቶ «የተርኪ ኤክስ በሽታ» ተባለ። በኋላ ሲጣራ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ዓለም ያወቀው ያኔ ነው። መርዙ ጉበትን ይመታል። የአስኳል ስብና ፕሮቲን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ መጠን ድርጭቷን ሳይገድል እንቁላሉን ያወርዳል፣ ያሳንሳል፣ የሚፈለፈለውንም ይቀንሳል። የበሽታ መከላከያዋንም ያዳክማል፤ የተከተበችው ክትባት አልያዘም ትላላችሁ።

ቤንቶናይትን የመሰለ የሸክላ ማጣበቂያ አፍላቶክሲንን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣል። ጥሩ ነው። ግን ሌሎቹን የሻጋታ መርዞች፣ ለምሳሌ ፉሳሪየም ከሚባለው ሻጋታ የሚመጡትን፣ በደንብ አይዝም። ለእነዚያ የእርሾ ግድግዳና መርዙን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ያሉባቸው ምርቶች አሉ። ማጣበቂያ የሚገባው መኖው ደህና መስሎ ስጋት ሲኖር ነው፤ የዝናብ ወራት ላይ የተሰበሰበ በቆሎ እንደሚሆነው። በዓይን የታየ ሻጋታ ግን ይጣላል። በፀሐይ ማስጣትም ሻጋታውን ያደርቀው እንደሆነ እንጂ መርዙን አያጠፋውም። መርዙ ምግብ ማብሰያ ሙቀትንም የሚችል ነው።

አንቲባዮቲክና የኮክሲዲያ መድኃኒት በመኖ ውስጥ?

አንቲባዮቲክ ለዕድገት ማፋጠኛነት የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 ጀምሮ ከልክሏል። አሜሪካም ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን በ2017 ለዚህ ዓላማ አቁማለች። ምክንያቱ ጀርሞቹ መድኃኒቱን መልመዳቸው ነው። «ትንሽ ትንሽ ብሰጣቸው አይታመሙም» የሚለው አሠራር በትክክል ጀርሙን ማሠልጠን ነው።

ድርጭት በተለይ የምትታወቅበት አንድ በሽታ አለ፤ ክሎስትሪዲየም ኮሊነም የሚባል ባክቴሪያ አንጀቷን ያቆስለዋል። ነጭ ውሃ መሳይ ተቅማጥ፣ ኩርፍ ማለት፣ ፈጣን ሞት። ይህ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ነው። መድኃኒት ከታዘዘ ሐኪሙ የሚናገረውን የመጠበቂያ ቀን ያህል እንቁላሉ አይሸጥም፣ አይበላም።

ኮክሲዲያን (አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ጥገኛ ተሐዋሲ) በተመለከተ፣ ድርጭትን የሚይዙት ዝርያዎች ከዶሮ የተለዩ ናቸው። ስለዚህ የዶሮ ኮክሲዲያ ክትባት ለድርጭት አይሆንም። ለዶሮ ቄብ ተብሎ የተዘጋጀ መኖ ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ገብቶበታል። ከእነዚህ የኮክሲዲያ መድኃኒቶች አብዛኞቹ እንቁላላቸው ለሚበላ ጣዮች አልተፈቀዱም። ናይካርባዚን የሚባለው የመፈልፈል አቅምን ያበላሻል። ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን የሚባሉት የኮክሲዲያ መድኃኒቶች ያሉበት መኖ ላይ ቲያሙሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ከተጨመረ ደግሞ ወፎቹ ሊሞቱ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን መኖ ፈረስ ከቀመሰውም ይገድለዋል። ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ እንጂ ሻጩን መጠየቅ ብቻ አይበቃም። አንዴ «ንጹሕ ነው» ተብዬ የገዛሁት መኖ፣ መለያው ላይ የመድኃኒቱ ስም በደቂቅ ፊደል ተጽፎ አግኝቼዋለሁ።

በሽቦ ወለል ላይ የሚኖሩ ድርጭቶች ኩሳቸውን ስለማይረግጡ ኮክሲዲያ ብዙም አያስቸግራቸውም። መሬት ላይ ከሆኑ ጉዝጓዙ ይድረቅ።

አስኳሉ ነጣ ብሏል፤ በሽታ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አስኳል ቀለሙን የሚያገኘው ከካሮቲኖይድ ነው። ቢጫ በቆሎ፣ አልፋልፋ፣ የቃሪያ በርበሬ ዱቄት፣ የማሪጎልድ አበባ ይሰጡታል። ነጭ በቆሎና ስንዴ አይሰጡም። ቀለም ደግሞ ከምግብነቱ ጋር አንድ አይደለም። አስኳሉ ወደ አረንጓዴ ቡኒ ከሄደ ግን የጥጥ ፍሬ ፋጉሎን ጠርጥሩ፤ ጎሲፖል የሚባለው ነገር ያደርገዋል።

ነጠብጣብ የሌለው፣ ነጭ የሆነ እንቁላል?

አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ከታየ ምንም አይደል፤ በዘሯ ነጭ የምትጥል ድርጭትም አለች። ቀለሙ የሚቀባው እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ባሉት የመጨረሻ ሰዓታት ነው። ድርጭቷ ያን ጊዜ ከደነገጠች እንቁላሉ ሳይቀባ ይወጣል። በብዙዎች ላይ በአንድ ጊዜ ከመጣ ጭንቀት፣ በሽታ ወይም መድኃኒት አለ ማለት ነው። ቀለም የሚመልስ ተጨማሪ አትፈልጉ።

በጣም ትንሽ መጠን ያለውን እንዴት ልቀላቅል?

በደረጃ። 250 ግራም ፕሪሚክስ 100 ኪሎ መኖ ላይ በአንዴ ከበተናችሁ አንዷ ድርጭት የሦስት ቀን ድርሻ ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም። መጀመሪያ ከ1 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር አሹት። ያን ወደ 5 ኪሎ፣ ከዚያ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ ሙሉው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መመዘኛው በግራም የሚለካ ይሁን፤ በማንኪያና በእፍኝ ሴሊኒየም አይለካም። ዘይት የምትጨምሩ ከሆነ ደረቁ ሁሉ ከተቀላቀለ በኋላ ጨምሩ፣ አለዚያ ዱቄቱ ይጓጉላል።

ተጨማሪው መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በመዝገብ። 100 ድርጭቶች በ7 ቀን 560 እንቁላል ከጣሉ፣ 560ን ለ700 ታካፍላላችሁ፤ 80 በመቶ። ይህን በየሳምንቱ ጻፉ። መኖውንም እንዲሁ። በቀን 2.5 ኪሎ በልተው 80 እንቁላል፣ እያንዳንዱ 11 ግራም፣ ከሰጡ 880 ግራም ነው። አንድ ኪሎ እንቁላል ለማግኘት ወደ 2.8 ኪሎ መኖ ወጣ ማለት ነው።

አዲስ ነገር ስትሞክሩ መንጋውን ለሁለት ክፈሉ። ዕድሜያቸው አንድ፣ ብርሃናቸው አንድ፣ መኖአቸው አንድ። ለአንዱ ወገን ብቻ ተጨማሪውን ስጡ። ቢያንስ 4 ሳምንት ጠብቁ፤ አስኳል በድርጭቷ ውስጥ ተሠርቶ ለመብሰል ብቻ ቀናት ይወስድበታል። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አትሞክሩ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ጀምሮ እንቁላሉ የጨመረለት ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም፤ ሦስቱንም ዕድሜ ልኩን ይገዛል።

ወንዶቹንም አትርሷቸው። ለማስፈልፈል የምታረቡ ከሆነ ከወንዱ ጅራት ሥር ያለውን እጢ ጫን በሉት። ነጭ አረፋ ካወጣ ለመራባት ዝግጁ ነው። ከደረቀ መኖውንና ብርሃኑን እንደገና እዩ።

የተከፈተ ፕሪሚክስ እስከ መቼ ይቆያል?

ቫይታሚንና ማዕድን በአንድ ከረጢት ከሆኑ መዳብና ብረቱ ቫይታሚኑን ቶሎ ይበላዋል። ኮሊን ክሎራይድ ካለበት ይብሳል፤ እርጥበት ይስባል። ቀዝቃዛ፣ ጨለማ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩ። የተቀላቀለውን መኖ በ3 ወይም 4 ሳምንት ውስጥ ጨርሱ። ከረጢቱን የከፈታችሁበትን ቀን በስክሪብቶ እዚያው ላይ ጻፉበት።